የአባቴ ጉልበትና የቶርኖው ባዶ ዙር

በኮሌጃችን የብረት ሥራ ክፍል አንድ ትልቅ ቶርኖ አለ። ብረት እያሽከረከረ በምላጭ የሚቀርጽ ማሽን ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ከብልባላ ወደ ላሊበላ ስመጣ መጀመሪያ እንድይዝ የተፈቀደልኝ ክፍሉ ክሮስ ስላይድ የሚባለው ነበር። ምላጩን ተሸክሞ ወደ ብረቱ የሚያስጠጋውና ከብረቱ የሚያርቀው እሱ ነው። እጀታ አለው፤ ከእጀታው ሥር ደግሞ ቁጥር የተቀረጸበት ቀለበት አለ። ሠራተኛው ቀለበቱን እያነበበ ምላጩ ምን ያህል እንደገባ ያውቃል። በእኛ ቶርኖ ግን ቀለበቱ የሚለውና ተሠርቶ የሚወጣው ብረት አይስማሙም ነበር።

በኋላ እንደደረስንበት፣ ልዩነቱ የሚመጣው አቅጣጫ ሲቀየር ነው። እጀታውን ወደፊት እያዞርሁ ሄጄ ከምፈልገው ቁጥር ጥቂት ካለፍሁ ወደኋላ እመልሳለሁ። ቀለበቱ ይመለሳል፤ ምላጩ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እጀታው ጥቂት መንገድ በባዶው ከተጓዘ በኋላ ነው ምላጩ የሚከተለው። ማስተማሪያው ባክላሽ ይለዋል፤ እኛ ባዶ ዙር እንለዋለን። ከውስጥ ረጅም ብሎን አለ፤ ብሎኑ የሚያልፍበት ከነሐስ የተሠራ ዳዶ አለ። የሁለቱ ጥርስ በሥራ ብዛት ሲበላ መካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። መምህራችን ይህን ስለ ቶርኖ ሁሉ በጠቅላላው ሰሌዳ ላይ ሥለው ሲያስረዱን ሌሎቹ ተማሪዎች ሥዕሉን ለመገልበጥ አጎነበሱ። እኔ ስለ አባቴ ጉልበት አስብ ነበር።

አባቴ ብልባላ አጠገብ ባለች ደብር የማኅሌት አገልጋይ ናቸው። ለቆሎ ተማሪዎች አቋቋም ያስተምራሉ። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከበሮውን እየተከተሉ ወደፊት የሚሉበትንና የሚመለሱበትን ሥርዓት ማለት ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ከፍላቂት ሲመለሱ የተሳፈሩበት መኪና ተገልብጦ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ደሴ ወርደው ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመላቸው። ከዚያ ከተመለሱ ወዲህ መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም። ቅርብ ከሆነ በእግራቸው፣ ራቅ ካለ በበቅሎ ይሄዳሉ። እናቴ ስለ መኪና ስታነሣባቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

ሰው ሠራሹ እግር ጉልበቱ ላይ የሚታጠፈው በአንድ የብረት ፒን ነው። ፒኑ እየዋለ እያደረ ተበላ። ቀጥ ብለው መንገድ ሲሄዱ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም። ማኅሌት ላይ ግን ሰውነት ወደፊት ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። አባቴ ሲመለሱ እግራቸው ቀጭ ብሎ ይቀራል፤ ከዚያ ይከተላቸዋል። ሌላው ሁሉ ተመልሶ ሲያበቃ እሳቸው ገና ናቸው። እንዲህ ሆነው ብዙ ጊዜ ቆሙ። በኋላ ማንም ሳይናገራቸው ከረድፉ ወጡና ከግድግዳው ሥር፣ ከአረጋውያኑ ጋር ተቀምጠው ማዜም ጀመሩ።

እናቴ ምክንያቱን ስትጠይቃቸው ቤት ውስጥ ስለነበርሁ መልሳቸውን ሰምቻለሁ።

«ልጆቹ የሚቆሙት እኔን እያዩ ነው» አሏት። «እኔ ስዘገይ እነሱም መዘግየቱን ሥርዓት አድርገው ይይዙታል።»

«ታዲያ ደሴ ሄደው አያሳዩትም?»

ደሴ የሚኬደው በመኪና ነው፤ አባቴ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

ስለዚህ ያን ቀን ከክፍል ስንወጣ መምህራችንን ጠብቄ ስለ አባቴ ጉልበት ነገርኋቸው። ረጋ ያሉ፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አዲስ ፒን ቀርጾ ማውጣት ከባድ ሥራ አይደለም» አሉ። «ግን ይህ የበር ማጠፊያ አይደለም። ሰው የሚቆምበት ነገር ነው። ፀጉር ታህል ቢቀጥን ያው ይነቃነቃል፤ ፀጉር ታህል ቢወፍር አይገባም። አሁን ባለው ቶርኖ ደግሞ ያንን ልክ ማግኘት አንችልም።»

«ቶርኖው ቢስተካከልስ?»

«ከተስተካከለ እናያለን። ተስፋ አትስጫቸው እንጂ።»

ለአባቴ ምንም አልነገርሁም። ለእናቴ ግን በስልክ ነገርኋት።

በማግስቱ መምህራችን ክፍሉን በሙሉ በቶርኖው ዙሪያ ሰበሰቡ። አንድ ያስቸገረን ነገር ነበር። እጀታው ከባድ ነው። ለማዞር ክንድን ማበርታት ይጠይቃል። ዳዶውና ብሎኑ ልቅ ከሆኑ እጀታው ቀላል መሆን አልነበረበትም? ሁላችንም፣ መምህራችንም ጭምር፣ እጀታው እንዲህ እየጠበቀ ዳዶው ሊላላ አይችልም ብለን አምነን ነበር። ጥፋቱን አንዳንዶቻችን በቀለበቱ፣ አንዳንዶቻችን በምላጩ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ እርስ በርሳችን ላይ ስናላክክ ከርመናል።

መምህራችን ሰዓት የሚመስል መለኪያ አምጥተው መርፌውን ከክሮስ ስላይዱ ጋር አስነኩት። «ወደኋላ አዙሪ» አሉኝ። አዞርሁ። ክንዴ ጫናውን ይሰማዋል፣ ቀለበቱም ቁጥር እየጣለ ይሄዳል፤ የመለኪያው መርፌ ግን ቆሟል። ቀለበቱ የዙሩን ሩብ ያህል ከሄደ በኋላ መርፌው ተንቀጠቀጠና መሄድ ጀመረ። መምህራችን እኔን ገለል አድርገው ራሳቸው ሞከሩት፤ ያው ሆነ። ካቻቢቴና መፍቻ እንድናመጣ አዘዙ።

ክሮስ ስላይዱ ሲፈታ መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው። የማሽን ዘይት ሽታ አይደለም፤ የወጥ ቤት ሽታ ነው። በብሎኑ ጥርስና በስላይዱ ሥር ቡናማ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ለብዙ ጊዜ ያልታጠበ መጥበሻ ዳር ላይ የሚገኘው ዓይነት። መምህራችን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱት።

«ኑግ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉም ግልጽ ሆነ። መንገድ ተዘግቶ የማሽን ዘይት በማይገባበት ጊዜ፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ቶርኖው እንዳይዝግባቸው ከየቤታቸው የኑግ ዘይት በጠርሙስ እያመጡ ይቀቡት ነበር። ከራሳቸው የጾም ወጥ ቀንሰው ማለት ነው። ያደረጉት ለማሽኑ አዝነው ነው። የኑግ ዘይት ግን ብረት ላይ በስሱ ተቀብቶ ሲቆይ እየደረቀ ይሄዳል፤ ኋላም እንደ ሙጫ ይይዛል። እጀታውን ያከበደው ያ ሙጫ ነበር። ዳዶው ከውስጥ ተበልቶ ሲላላ ሙጫው ከውጭ ይዞ አጥብቆታል። እኛም የእጀታውን ክብደት ደህንነት አድርገን ቆጠርነው።

ከወልድያ በኩል የመጣ፣ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የሆነ አንድ የክፍል ጓደኛ አለኝ። ሳይቀልድ መዋል አይችልም።

«ቶርኖው ጾመኛ ነዋ!» አለ። «ቅቤ አልነካም ብሎ በኑግ ከረመ።»

«አንተ ደግሞ የሰው ጾም ነው የሚታይህ» አልሁት።

«ወላሂ አዝኜለት ነው! እናንተስ ትፈስካላችሁ፤ ለእሱ ፋሲካ ሳይመጣለት ቀረ እኮ።»

መምህራችን ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። እሳቸው በሙጫው የተያዘውን ብሎን በጨርቅ ይዘው አገላበጡት። «እነዚያ ልጆች ባይቀቡት ኖሮ ዛሬ የምንፈታው ዝገት ነበር» አሉ።

በነጭ ጋዝና በብሩሽ እያንዳንዱን ጥርስ አጠብን። ደረቅ ጨርቅ አስነካነው፤ ዛሬ የሚገኘውን ትክክለኛ የማሽን ዘይት ቀባነው፤ መልሰንም ገጠምነው። እጀታውን ስነካው በአንድ ጣት ዞረ። ግን ወደፊትና ወደኋላ ሳወዛውዘው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ባዶው ዙር ከዚህ ቀደም ከምናውቀው የባሰ መሰለን።

«ጨርሰን ገደልነው» አለ ጓደኛዬ፤ ይህን ሲል አልቀለደም።

እኔም ደነገጥሁ። ይህን ሁሉ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። የመምህራችንን ፊት አየሁ።

«አልገደልነውም» አሉ። «እስካሁን ደብቆን ነበር፤ አሁን የሆነውን ነገረን። እንጀምር።»

ዳዶው ለሁለት የተከፈለ ነው። በሁለቱ መካከል ሽብልቅ አለ። ከላይ ካሉት ብሎኖች ዳርቻ ያለውን አላልተው መካከለኛውን ሲያጠብቁ ሽብልቁ ይሳብና ሁለቱን የዳዶ ክፍሎች ይገፋቸዋል። አንዱ ክፍል የረጅሙን ብሎን ጥርስ በፊት በኩል፣ ሌላው በኋላ በኩል ይደገፋል፤ ክፍተቱ ይጠባል። መምህራችን መካከለኛውን ጥቂት አጥብቀው እጀታውን ያስሞክሩኛል፤ ደግመው ያጠብቃሉ፤ መርፌውን ያያሉ። ባዶው ዙር እየጠበበ፣ እየጠበበ መጣ። በመጨረሻ ጨርሶ የጠፋ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ቀና አልሁ።

«ዳር ድረስ ውሰጂው» አሉኝ።

ወሰድሁት። ከመካከል ራቅ ሲል እጀታው ነከሰና ቆመ። ብሎኑ እኩል አልተበላም። ሰው ሁሉ የሚሠራው መካከሉ ላይ ስለሆነ የሳሳው እዚያ ነው፤ ዳሩ ገና ወፍራም ነው። ለመካከሉ ልክ ካደረግነው ዳሩ ላይ አያልፍም።

«ስለዚህ ጥቂት እንተውለታለን» አሉ መምህራችን፤ ሽብልቁን ትንሽ ለቀቅ እያደረጉ። «ክፍተቱን ጨርሶ ለማጥፋት ብንታገል ብሎኑን እንበላዋለን። የቀረውን እጅሽ ይጠብቀው። ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ቅረቢ። ቁጥሩን ካለፍሽ ትንሽ መልሼ አስተካክላለሁ አትበይ። ሙሉ ዙር ወደኋላ ሂጂ፤ እንደገና ወደፊት እያዞርሽ ግቢ።»

በዚያ ሳምንት ሌሎቹ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ እኔ በቁርጥራጭ ብረት ይህንኑ ደጋገምሁ። መምህራችን ያወጣሁትን በማይክሮሜትር እየለኩ መጀመሪያ አልሆነም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ኋላ መነቅነቁን ተዉ። አንድ ቀን ሲለኩ ቆይተው «አባትሽን ጥሪያቸው» አሉኝ።

አባቴን ያሳመነቻቸው እናቴ ናት። እንዴት እንዳሳመነቻቸው አልነገረችኝም። አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ በበቅሎ መጡ። ከኮሌጁ በር ወርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ ሥራ ክፍላችን ሲገቡ ክፍሉ ሁሉ ተነሣ። መምህራችን ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«እንደምን አደሩ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ አስፈታኋችሁ።»

«ሥራችንን ይዘው ነው የመጡት።»

አግዳሚ ወንበር ቀረበላቸው። ሁላችንም የምንጠብቀውን እናውቅ ነበር፤ እግሩ መውለቅ አለበት። አባቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። እቤት ውስጥ እንኳ ከእናቴ በቀር እግራቸውን ሲያወልቁ ያየ የለም። ያን ጊዜ ቀልደኛው ጓደኛዬ ድንገት ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «ኑ፣ ያንን የብረት ክምር ከጓሮ እናንሣው» አለ። እንዲነሣ የታዘዘ ክምር አልነበረም። ሁሉም ግን ተከትለውት ወጡ። እኔና መምህራችን ፊታችንን ወደ ቶርኖው አዞርን። ከኋላችን የማሰሪያው ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም አባቴ «እንካችሁ» አሉ።

ፒኑ ሲወጣ ወገቡ ተበልቶ ቀጥኗል። የሚያልፍበት፣ ቡሽ የሚባለው የነሐስ ቱቦም ሰፍቷል። አዲሱን ቡሽ መምህራችን ራሳቸው ሊሠሩ ወሰኑ። ለፒኑ የመረጡትን ብረት ለእኔ ሰጡኝ። ጥሩ ብረት ነበር፤ ግን ሌላ የለንም። ቢበላሽ አባቴ አሮጌውን ፒን መልሰው አድርገው ወደ ብልባላ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይመጣሉ ብዬም አላምንም።

አባቴ ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ጓደኛዬ ተመልሶ ከበር ራሱን አስገባ።

«የኔታ፣ ሻይ ላምጣልዎት?»

«ጾም ነው ልጄ። አንተ ጠጣ።»

«እርስዎ ሳይጠጡማ!» ብሎ ቀረ።

ቶርኖውን አስነሣሁ። ምላጩን ባስገባሁ ቁጥር አስቀድሜ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብና መምህራችንን አያለሁ። ከእጄ ይልቅ የእሳቸውን ፊት የማምን ሆንሁ።

«እኔ ፊት ላይ የተጻፈ ነገር የለም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ብረቱን ተመልከቺ።»

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከብረቱ አልነቀልሁም። ብረቱ ልኩ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ እጀታው በጣቴ ሥር ሸተት አለና ከቁጥሩ በጥቂቱ አለፈ። ምላጩ ብረቱን ገና አልነካም ነበር። እጄ በልማድ ትንሽ ሊመልሰው ጀመረ። አቆምሁት። ሙሉ ዙር ወደኋላ አወጣሁና እንደገና ወደፊት እያዞርሁ ገባሁ፤ ቁጥሩ ላይ ቆምሁ። ምላጩ ጭረት የምታህል ክር እየላጠ አለፈ። ማሽኑን አጠፋሁ። መምህራችን ለኩት፤ ሌላ ጊዜ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን አልነቀነቁም።

ፒኑ በቡሹ ውስጥ በአውራ ጣት ግፊት ገባ። ያለ ድምፅ ታጠፈ፤ ያለ ድምፅ ተዘረጋ። አባቴ አሥረውት ሲቆሙ መጀመሪያ ክብደታቸውን ሰጡት፤ ከዚያ ነሱት፤ ደግመው ሰጡት። ምንም አልተሰማም።

«ብረቱ ከምን የመጣ ነው?» ብለው ጠየቁ።

መምህራችን ጥቂት አመነቱ። «ከአሮጌ መኪና አክሰል የተቆረጠ ነው፣ የኔታ።»

አባቴ ጉልበታቸውን አዩ።

«እንግዲህ እንቢ ብዬ ስኖር መኪና ላይ አወጣችሁኝ» አሉ። እየሳቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። በቅሎዋ ላይ ሲወጡ መምህራችን እርካቡን ያዙላቸው።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ለኅዳር ጽዮን ብልባላ ስሄድ አባቴን ከጓሮ አገኘኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ልጄ፣ ያንን ባዶ ጀሪካን አምጪና ምቺልኝ።»

ጀሪካኑን እንደ ከበሮ መታሁላቸው። እግራቸው አሁን አይዘገይም። ይቀድም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እግራቸው እንደሚዘገይ ስለሚያውቁ፣ ሰውነታቸው ከከበሮው ቀድሞ መነሣትን ተምሯል። የሚዘገየው ነገር ሲወገድ የቀደመው ብቻ ቀረ። ፒኑን አጥብቄው ይሆን ብዬ ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«እግሩስ ደህና ነው፤ ያልታረቀው እኔ ነኝ። ድገሚው፤ ቀስ አድርገሽ።»

ደገምሁት። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና «ኧረ ተዉ፣ ጎረቤት ድግስ ያለን መስሎት ይመጣል!» አለች። አባቴ አልሳቁም፤ አላቆሙምም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ፣ በማግስቱም እንዲሁ፣ ጀሪካኑን ስመታ እሳቸው ራሳቸውን ሲይዙ፣ ሲይዙ፣ አንዳንዴ ልክ ሲመጡ፣ አንዳንዴ ሲያመልጣቸው ዋልን።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ፣ ዑደት አድርጎ ሲቆም ሊቃውንቱ በግቢው ሜዳ ሁለት ረድፍ ሠሩ። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከእናቴ አጠገብ ቆሜያለሁ። አባቴ ከግድግዳው ሥር ተነሥተው መጡ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ራቅ ራቅ ብለው መካከላቸውን ለቀቁላቸው። ተማሪዎቻቸው ፊት ለፊት ናቸው።

ወረቡ ተጀመረ። እኔ እግር አላየሁም፤ ትከሻ ትከሻቸውን ነበር የማየው። ወደፊት አሉ፤ ተመለሱ። አባቴ አብረው ሄዱ፤ አብረው ተመለሱ። ከበሮው እየፈጠነ ሲመጣ እናቴ እጄን ያዘች። አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ የቀደሙ መሰለኝ፤ ወዲያው ያዙት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለአባቴ ግን አልነበረም፣ ለበዓሉ ነው።

ወረቡ ሳያልቅ፣ ሌሎቹ ገና በረድፉ ቆመው ሳሉ፣ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከረድፉ ወጡ። ቀስ እያሉ ወደ ግድግዳው ሄደው ተቀመጡ፤ ከተቀመጡበትም ማዜማቸውን አላቋረጡም። እኔና እናቴ ሰዉን ዞረን ደረስንባቸው። ጭናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«ምን ሆነ? ፒኑ ነው?» አልኋቸው።

አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅን።

«ደከመኝ እንጂ አልዘገየሁም» አሉ። ዓይናቸው ከተማሪዎቻቸው እግር አልተነሣም።